ዲስክ ማጫወቻና ቴሌቪዥን በአንድ ገመድ እስኪገናኙ

በሌዘር የሚነበብ የፊልም ዲስክ ለሕዝብ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1978 በአሜሪካ፣ አትላንታ ከተማ ነው (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። ዲስኩን በጋራ የሠሩት የሆላንዱ ፊሊፕስና የአሜሪካው ኤምሲኤ ሲሆኑ፣ ኋላ ላይ ሌዘርዲስክ በሚለው ስሙ ታወቀ። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ነበር። በሌዘር ይነበብ እንጂ በላዩ የተቀረጸው ምስል አናሎግ ነበር፤ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደውም በአናሎግ ገመድ ነው። የዚያን ጊዜ የአብዛኛው ቴሌቪዥን ብቸኛ መግቢያ የአንቴና መሰኪያው ስለነበር፣ ማጫወቻው ምስሉንና ድምፁን እንደ አንድ ትንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያ አድርጎ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቻናል ይልከዋል። ተመልካቹም ቻናሉን አዙሮ ፊልሙን ያገኛል። ጥሩ ሆኖ የተቀረጸ ምስል በዚህ መንገድ አልፎ ሲደርስ ደብዘዝ ይላል፤ አልፎ አልፎም የጎረቤት ቻናል ጣልቃ ይገባበታል።

ከአንቴና መሰኪያው የመውጣቱን ሥራ በሕግ ያስገደደችው ፈረንሳይ ናት። ከ1980 ጀምሮ በአገሪቱ የሚሸጥ አዲስ ቴሌቪዥን ሁሉ 21 ፒን ያለው ስካርት የተባለ መሰኪያ እንዲኖረው ተደነገገ። ስካርት ምስልንም ድምፅንም በአንድ ወፍራም መሰኪያ ያስተላልፋል፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለሞችንም ለየብቻ መላክ ይችላል። በአውሮፓ ተስፋፍቶ ለብዙ ዓመታት ቆየ። በሌላው ዓለም የተለመደው ግን ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ነው፦ ቢጫው ለምስል፣ ቀዩና ነጩ ለቀኝና ለግራ ድምፅ። በኢትዮጵያ ኤቪ ገመድ እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው። የቢጫው ገመድ ደካማ ጎን የምስሉን ብርሃንና ቀለም በአንድ ሽቦ ላይ ቀላቅሎ መላኩ ነው። ቴሌቪዥኑ ሁለቱን መልሶ ሲለያይ ፍጹም አድርጎ አይለያቸውም፤ ስለዚህ በቀለማት ድንበር ላይ የሚርመሰመሱ ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ በተጠጋጉ መስመሮች በተሸመነ ልብስ ላይም የሌለ ቀለም ይወጣል። በ1987 ሱፐር ቪኤችኤስ ከተባለው የቪዲዮ ካሴት ጋር የመጣው ኤስ-ቪዲዮ ብርሃኑንና ቀለሙን በሁለት ሽቦ ለየብቻ በመላክ ይህን ችግር በእጅጉ አቃለለ።

ዲጂታል ገመድ ቤት የገባው በምስል ሳይሆን በድምፅ በኩል ነው። ሶኒ በኦክቶበር 1982 ሲዲፒ-101 የተባለውን የሲዲ ማጫወቻ በጃፓን ለገበያ አወጣ። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ለክቶ በቁጥር ያስቀምጣል። በ1983 ቶሺባ እነዚያን ቁጥሮች በቀይ ብርሃን የሚያስተላልፍ፣ ከፕላስቲክ የተሠራ ቀጭን የብርሃን ገመድ አቀረበ፤ ቶስሊንክ ይባላል። ሶኒና ፊሊፕስም ያንኑ ዲጂታል ድምፅ በተራ የመዳብ ገመድ የሚልክ ደንብ አወጡ። ሁለቱም ዛሬም በብዙ ማጉያና ቴሌቪዥን ጀርባ ይገኛሉ። ምስሉ በዚህ መንገድ ድምፁን ለመከተል 20 ዓመት ያህል ወሰደበት። ምክንያቱ በከፊል የመጠን ጉዳይ ነው። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1.4 ሚሊዮን ቢት ያህል ሲፈልግ፣ ያልተጨመቀ የተራ ቴሌቪዥን ምስል ከ200 ሚሊዮን ቢት በላይ ይፈልጋል። ይህን የሚሸከም ርካሽ ቺፕ በ1980ዎቹ አልነበረም። ሌላው ምክንያት ፊልማችን ይገለበጣል የሚለው የፊልም ኩባንያዎች ስጋት ነው፤ ከመጠኑ ጉዳይ ይልቅ የዲጂታል ገመድን መልክ የቀረጸውም ይህ ስጋት ነው።

በ1993 ቪዲዮ ሲዲ ወይም ቪሲዲ መጣ። በተራ የሲዲ ዲስክ ላይ ምስልን ጨምቆ የሚያስቀምጥ ሲሆን፣ የምስሉ ስፋት በፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት 352 በ288 ፒክስል ብቻ ነበር። በጃፓን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ አልተወደደም፤ በቀሪው እስያና በአፍሪካ ግን በሰፊው ተሠራበት። በኢትዮጵያም በ2000ዎቹ የአማርኛ ፊልምና የሙዚቃ ክሊፕ በየቤቱ የተዳረሰው በአብዛኛው በቪሲዲ ነው። የቪሲዲ ዴክ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኘው በዚያው ባለ ሦስት ቀለም ኤቪ ገመድ ነበር፤ ምስሉ ራሱ ትንሽ ስለሆነም ከዚያ የተሻለ ገመድ ብዙ አይጨምርለትም ነበር።

ገመዱን ጉዳይ ያደረገው ዲቪዲ ነው። ሶኒና ፊሊፕስ በአንድ ወገን፣ ቶሺባና ታይም ዋርነር በሌላ ወገን ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ይዘው ከተፎካከሩ በኋላ በ1995 በአንድ ደንብ ተስማሙ፤ የመጀመሪያው ማጫወቻም በኖቬምበር 1996 በጃፓን ተሸጠ። የአንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። ምስሉ በፓል 720 በ576፣ በአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ሥርዓት 720 በ480 ፒክስል ነው፤ ከቪሲዲ በአራት እጥፍ ይበልጣል። በዲስኩ ላይ ያለው ነገር በሙሉ ቁጥር ነው። ከማጫወቻው ጀርባ የሚወጣው ምስል ግን አሁንም አናሎግ ነበር። ድምፁ በቶስሊንክ ወይም በመዳብ ገመድ ዲጂታል ሆኖ ወደ ማጉያው ሲሄድ፣ ምስሉ በቢጫው ገመድ፣ በኤስ-ቪዲዮ ወይም በስካርት ይሄዳል።

የፊልም ኩባንያዎቹ ይህን የፈለጉት አውቀው ነው። ዲጂታል ምስል ስንት ጊዜ ቢገለበጥ ጥራቱ አይቀንስም፤ አንድ ሰው ከማጫወቻው ጀርባ ንጹሕ ዲጂታል ምስል ካገኘ የፊልሙን ዋና ቅጂ እንዳገኘ ይቆጠራል። ስለዚህ ዲቪዲ ሦስት አጥር ተሠራለት። ዲስኩ ላይ ያለው መረጃ ሲኤስኤስ በተባለ ምስጠራ ተቆለፈ። በአናሎግ መውጫው ላይ በቪዲዮ ካሴት መቅዳትን የሚያበላሽ ማክሮቪዥን የተባለ ምልክት ተጨመረ። ዓለምም በክልል ተከፋፈለች፦ አሜሪካ ክልል 1፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ ክልል 2፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛው አፍሪካ ክልል 5። ይህ አከፋፈል ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ዲስክ ይዞ ለሚመጣ ዘመድ ቀጥተኛ ችግር ነበር። የአሜሪካ ዲስክ ለክልል 5 በተሠራ ማጫወቻ እምቢ ይላል፤ ክልል ሳይመርጥ በሚያጫውት ዴክ ቢከፈት እንኳ ምስሉ ኤንቲኤስሲ ስለሆነ ፓል ብቻ የሚያውቅ የቆየ ቴሌቪዥን ላይ ቀለሙን ያጣል ወይም ይንከባለላል። ገዝቶ የያዘውን ዲስክ በገዛ ቴሌቪዥኑ ማየት ያልቻለ ሰው ወንጀለኛ አልነበረም፤ አጥሩ ግን ሌባውንና ባለቤቱን አይለይም። በ1999 አንድ የኖርዌይ ወጣት ከሌሎች ጋር ሆኖ ሲኤስኤስን የሚፈታ ፕሮግራም አሰራጨ፤ በአገሩ ተከሶ በ2003 ነጻ ወጣ። ምስጠራው ከዚያ በኋላ ቅጂን የማስቆም ኃይል አልነበረውም።

በእነዚያው ዓመታት የአናሎግ ገመድ የመጨረሻ ደረጃው ላይ ደረሰ። ኮምፖነንት የተባለው አገናኝ ምስሉን በሦስት ገመድ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በቀይ መሰኪያ ይከፍለዋል። አረንጓዴው ብርሃኑን፣ ሁለቱ ደግሞ የቀለሙን ልዩነት ይሸከማሉ። ሁለቱ የድምፅ ገመዶች ሲጨመሩ ከማጫወቻው ጀርባ አምስት ሽቦ ይወጣል፤ ቀዩን የምስል መሰኪያ ከቀዩ የድምፅ መሰኪያ ጋር ማምታታት የዘወትር ነገር ነበር። የምስሉ ጥራት ግን እጅግ ጥሩ ነው። ኮምፖነንት 1080 መስመር ያለውን ከፍተኛ ጥራት ምስል ሳይቀር መሸከም ስለሚችል፣ በአሜሪካ ከ1998 ጀምሮ የከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥን ቀድመው የገዙ ብዙ ቤተሰቦች በእሱ ተማምነው ነበር።

ይህን ሁሉ የለወጠው ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ነው። የድሮው ባለ ጀርባ ቴሌቪዥን በኤሌክትሮን ጨረር ስክሪኑን የሚስል የአናሎግ መሣሪያ ስለነበር የአናሎግ ሲግናል ይስማማዋል። ኤልሲዲና ፕላዝማ ግን ቋሚ ቁጥር ያላቸው ፒክስሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ፒክስል የሚፈልገው ቁጥር ነው። ዲቪዲው ቁጥር ያነባል፣ ማጫወቻው ወደ አናሎግ ይቀይረዋል፣ ገመዱ ያደርሰዋል፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ መልሶ ቁጥር ያደርገዋል። በኮምፒውተር የተጻፈን ደብዳቤ በእጅ ገልብጦ እንደገና ኮምፒውተር ላይ እንደ መተየብ ነው፤ በየመካከሉ የሚሳት ነገር አይጠፋም። የፒክስሎቹ ድንበር ይንሸራተታል፣ ቀጭን መስመር ይደበዝዛል፣ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል።

መፍትሔው የመጣው ከኮምፒውተር ሰፈር ነው። በኤፕሪል 1999 ኢንቴል፣ ሲሊኮን ኢሜጅ፣ ኮምፓክ፣ ኤችፒ፣ አይቢኤምና ሌሎችም የተሰባሰቡበት ቡድን ዲቪአይ የተባለውን መሰኪያ ይፋ አደረገ። ሥራው ኮምፒውተርን ከጠፍጣፋ ስክሪን ጋር ያለ አናሎግ ማገናኘት ነበር። በውስጡ ያለው ዘዴ የሲሊኮን ኢሜጅ ነው። ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ ጥንድ ሽቦ ይመደባል፤ አራተኛው ጥንድ የጊዜ ምት ይይዛል። በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ አንዱ ሽቦ የሌላውን ተቃራኒ ይልካል፤ ተቀባዩ የሚያየው የሁለቱን ልዩነት ስለሆነ፣ ከውጭ የሚገባ ረብሻ ሁለቱን እኩል ስለሚነካ ልዩነቱ ላይ አይታይም። እያንዳንዱ 8 ቢትም ከመላኩ በፊት ወደ 10 ቢት ይለወጣል። የተጨመሩት 2 ቢቶች በሽቦው ላይ ያለው መገለባበጥ እንዲቀንስና የኤሌክትሪኩ ሚዛን እንዲጠበቅ ያደርጋሉ። ይህ ዘዴ ብዙ ሳይለወጥ ለ20 ዓመት ያህል አብዛኛው የቤት ዲጂታል ምስል የሚጓዝበት መንገድ ሆነ።

በቴሌቪዥን ዓለም ግን ተፎካካሪ ነበረው። ፋየርዋየር የተባለው ገመድ ምስሉን እንደተጨመቀ፣ በዲስኩ ወይም በስርጭቱ ላይ እንዳለ ይልካል። ለተጠቃሚው ብዙ ጥቅም ነበረው፤ መሣሪያዎችን ያገናኛል፣ መቅዳትም ያስችላል። የፊልም ኩባንያዎች የፈሩትም ያንኑ ነው፤ የተጨመቀ ፊልም ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ይቀመጣል። ያልተጨመቀ ምስል ግን እጅግ ብዙ ነው። ከዲቪዲ ላይ በሰከንድ 10 ሚሊዮን ቢት ያህል የሚነበበው ፊልም ተፍታቶ በዲጂታል ገመድ ሲያልፍ በሰከንድ 810 ሚሊዮን ቢት ይሆናል። ያንን ጎርፍ ቤት ውስጥ የሚቀዳ መሣሪያ በዚያን ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ ምርጫው ወደ ዲቪአይ አዘነበለ፤ በላዩም ኢንቴል የሠራው ኤችዲሲፒ የተባለ ቁልፍ ተጨመረ።

ኤችዲሲፒ ማጫወቻው ቴሌቪዥኑን እየጠየቀ የሚያረጋግጥበት ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ከፋብሪካው 40 ምስጢራዊ ቁጥሮች ይሰጡታል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ከእነዚህ አንድ የጋራ ቁልፍ ያሰላሉ፤ ምስሉም በዚያ ተመስጥሮ ይላካል። በ2001 አምስት ተመራማሪዎች ባወጡት ጽሑፍ የ40 ያህል መሣሪያዎችን ቁጥር ያገኘ ሰው የሥርዓቱን ዋና ቁልፍ ማስላት እንደሚችል አሳዩ። ድክመቱ ታውቆም ሥርዓቱ ሥራ ላይ ዋለ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በሴፕቴምበር 2010 ዋናው ቁልፍ በኢንተርኔት ወጣ፤ ኢንቴልም ትክክለኛ መሆኑን አረጋገጠ። እስከዚያው ድረስ ግን፣ ከዚያም በኋላ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ባለቤቶች የገዙትን ዲስክ ለማየት ማለፍ ያለባቸው በዚህ በር ነበር።

ዲቪአይ ለሳሎን አልተመቸም። መሰኪያው ትልቅ ነው፣ በብሎን ይታሰራል፣ ድምፅ አይሸከምም። ስለዚህ ሂታቺ፣ ማትሱሺታ፣ ፊሊፕስ፣ ሲሊኮን ኢሜጅ፣ ሶኒ፣ ቶምሰንና ቶሺባ የተባሉ ሰባት ኩባንያዎች ተሰባስበው በዲሴምበር 2002 የኤችዲኤምአይን የመጀመሪያ ደንብ አወጡ። የምስሉ ዘዴ የዲቪአይ ነው፤ ቀላል መቀየሪያ ብቻ ተደርጎ ሁለቱ ይገናኛሉ። አዲሱ ነገር ድምፁ ነው። ቴሌቪዥን ከአንድ የምስል መስመር ወደ ቀጣዩ፣ ከአንድ ምስልም ወደ ሚቀጥለው ሲሸጋገር ምስል የማይላክበት አጭር ጊዜ አለ፤ ኤችዲኤምአይ እስከ 8 ቻናል ድምፅ በዚያ ባዶ ጊዜ ውስጥ ይልካል። በዚህ ምክንያት አምስቱ የኮምፖነንትና የድምፅ ሽቦዎች ወደ አንድ ተጠቃለሉ። ፈቃዱ የሚከፈልበት ነው፤ አምራቹ በአንድ መሣሪያ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ይከፍላል፣ የኤችዲኤምአይን ምልክት ከለጠፈ ወደ 5፣ ኤችዲሲፒን ከጨመረ ደግሞ ወደ 4 ሳንቲም ይወርድለታል። ቁልፉ ለአምራቹም አትራፊ ሆኖ መቀመጡን ይህ ዋጋ ይናገራል።

መሰኪያው 19 ፒን አለው። አሥራ ሁለቱ ለሦስቱ የምስል ጥንዶች፣ ለጊዜ ምቱ ጥንድና ለመከለያቸው ይውላሉ። ቀሪዎቹ ሰባት ገመዱን ከቢጫውና ከኮምፖነንት ገመድ የሚለዩት ናቸው፤ በአብዛኛው ማጫወቻውና ቴሌቪዥኑ የሚነጋገሩባቸው ናቸውና። ገመዱ ሲሰካ ማጫወቻው በ18ኛው ፒን 5 ቮልት ይልካል። ቴሌቪዥኑ በ19ኛው ፒን መኖሩን ይመልሳል። ማጫወቻው በ15ኛውና በ16ኛው ፒን አማካይነት ከቴሌቪዥኑ ማስታወሻ ላይ አጭር ሰንጠረዥ ያነባል። ሰንጠረዡ በ128 ባይት ክፍሎች የተጻፈ ሲሆን የቴሌቪዥኑን አምራች፣ የሚቀበለውን የምስል ዓይነት፣ በሰከንድ 50 ወይም 60 ምስል ማሳየት መቻሉን፣ ስንት ቻናል ድምፅ እንደሚያስተናግድ ይዘረዝራል። ማጫወቻው ከዚህ ውስጥ የሚስማማውን ይመርጣል። በእነዚያው ሁለት ፒኖች ላይ የኤችዲሲፒ ጥያቄና መልስ ይካሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ምስሉ የሚለቀቀው። ፊልሙ እየሄደ ሳለም በየ128ቱ ምስል፣ ማለትም በየሁለት ሰከንዱ ገደማ፣ ማጫወቻው ቁልፉ አሁንም የሚገጥም መሆኑን ይመረምራል። መልሱ ካልገጠመ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል ወይም በነጭ ብናኝ ይሞላል። ዴኩን ከከፈቱ በኋላ ምስሉ እስኪመጣ ጥቂት ሰከንድ የሚቆየው፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ማብራትም ብዙ ጊዜ ችግሩን የሚፈታው በዚህ የተነሳ ነው፤ ንግግሩ ከመጀመሪያው እንዲካሄድ ያደርገዋል። 13ኛው ፒን ደግሞ በአንድ ሪሞት ሁለቱንም ማዘዝ ያስችላል።

ዲቪአይና ኤችዲኤምአይ ያላቸው የዲቪዲ ማጫወቻዎች ከ2003 ጀምሮ ገበያ ገቡ። ሻጮቹ የዲቪዲን ምስል ወደ 720 ወይም ወደ 1080 መስመር ያሳድጋሉ ብለው አስተዋወቋቸው። ማጫወቻው በዲስኩ ላይ የሌለን ዝርዝር አይፈጥርም፤ ትርፉ ምስሉ ወደ አናሎግና መልሶ ወደ ዲጂታል አለመለወጡ ነው። የተቆለፈ ዲቪዲን ይህን ያህል አሳድጎ በኮምፖነንት ገመድ መላክ ግን በሲኤስኤስ ፈቃድ ተከልክሎ ነበር፤ ገመዱ ሳይችል ቀርቶ ሳይሆን ቁልፍ ስለሌለው ነው። ከ1998 ጀምሮ ብዙ ሺህ ዶላር ከፍለው የከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥን የገዙ ሰዎች ሙሉ ብቃት ያለውን መሣሪያቸውን ይዘው ከዚህ ውጭ ቀሩ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ በደል የደረሰው በእነዚህ ቀድመው ባመኑ ገዢዎች ላይ ነው። አውሮፓ ከዚህ ተምራ በጃንዋሪ 2005 ኤችዲ ሬዲ የተባለ ምልክት አወጣች፤ ምልክቱን ለመለጠፍ አንድ ቴሌቪዥን ከኮምፖነንት ሌላ ኤችዲሲፒ ያለው ዲቪአይ ወይም ኤችዲኤምአይ መግቢያ ሊኖረው ግድ ሆነ።

በ2006 ሁለት አዲስ ዲስኮች ተፎካክረው መጡ። የቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲ በጸደይ፣ ብሉ ሬይ ደግሞ በጁን ለገበያ ቀረቡ። ሁለቱም ከዲቪዲ ቀይ ሌዘር ይልቅ የሞገድ ርዝመቱ 405 ናኖ ሜትር የሆነ ሰማያዊ ወይን ጠጅ ሌዘር ይጠቀማሉ፤ ሌዘሩ ስለሚቀጥን ብዙ መረጃ በአንድ ዲስክ ላይ ይሰፍራል። ባለ ሁለት ንብርብር ብሉ ሬይ 50 ጊጋባይት ይይዛል። ምስሉ 1920 በ1080 ፒክስል ነው፤ በሰከንድ 60 ሙሉ ምስል ሲላክ በገመዱ ላይ ወደ 4.5 ቢሊዮን ቢት ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ኤችዲኤምአይ ከሚችለው 4.95 ቢሊዮን በታች ነው። በዚያው ጁን የወጣው ኤችዲኤምአይ 1.3 አቅሙን ወደ 10.2 ቢሊዮን ከፍ ከማድረጉም በላይ ዶልቢ ትሩኤችዲንና የመሳሰሉትን ጥራት የማያጡ ድምፆች ሳይፈቱ እንዲያልፉ ፈቀደ። ቶስሊንክ እነዚህን ድምፆች የመሸከም አቅም ስለሌለው፣ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የድምፁም ዋና ገመድ ኤችዲኤምአይ ሆነ። በኖቬምበር የወጣው የሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 ብሉ ሬይንና ኤችዲኤምአይን አንድ ላይ ይዞ ብዙ ቤት አስገባቸው። የፊልም ኩባንያው ዋርነር በጃንዋሪ 2008 ወደ ብሉ ሬይ ብቻ ሲዞር ቶሺባ በሚቀጥለው ወር ኤችዲ ዲቪዲን ተወ።

በእነዚህ ዓመታት የገመዱ ዋጋ መነጋገሪያ ነበር። አንዳንድ መደብሮች ጥቂት ብር የሚያወጣውን ገመድ በብዙ እጥፍ ይሸጡ ነበር፤ ወርቅ የተቀባው መሰኪያ ቀለሙን ያሞቃል፣ ጥቁሩን ያጠልቃል እያሉ። ለአናሎግ ገመድ ይህ አባባል ጥቂት እውነት ሊኖረው ይችላል። ለዲጂታል ግን ሐሰት ነው። በኤችዲኤምአይ ላይ የሚሄደው አንድና ዜሮ ብቻ ስለሆነ፣ ቁጥሮቹ በትክክል ከደረሱ የርካሹና የውዱ ገመድ ምስል አንድ ነው። ገመዱ ሲደክም ምስሉ ቀስ እያለ አይደበዝዝም፤ መጀመሪያ እዚህም እዚያም ብልጭ የሚሉ ነጭ ወይም ባለ ቀለም ነጥቦች ይወጣሉ፣ ከዚያ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ቀጥሎ ፈጽሞ ይጠፋል። ርዝመት ግን እውነተኛ ገደብ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ሲሆን ማንኛውም በደንቡ የተሠራ ገመድ ይበቃል፤ ከ10 ሜትር በላይ ሲሆን ወፍራም ሽቦ፣ ማጉያ ወይም የብርሃን ገመድ ያስፈልጋል።

በ2009 የወጣው የኤችዲኤምአይ 1.4 ደንብ 4ኬ የተባለውን ከ1080 የላቀ ጥራት ያለው ምስል በሰከንድ እስከ 30 ጊዜ ከመፍቀዱ ሌላ፣ የቴሌቪዥኑ ድምፅ በዚያው ገመድ ወደ ማጉያው እንዲመለስ አደረገ። በዚህ መካከል የአናሎግ መውጫ በውል እንዲሞት ተፈረደበት። የብሉ ሬይ ዲስክን የሚቆልፈው ኤኤሲኤስ በፈቃድ ውሉ ሁለት ቀነ ገደብ አስቀምጦ ነበር። ከ2010 መጨረሻ በኋላ የሚሠራ ማጫወቻ ብሉ ሬይን በአናሎግ ሲያወጣ ከተራ ቴሌቪዥን ጥራት መብለጥ አይችልም፤ ከ2013 መጨረሻ በኋላ የሚሠራው ደግሞ ብሉ ሬይን በአናሎግ ጨርሶ ማውጣት አይፈቀድለትም። ዛሬ አዲስ የብሉ ሬይ ማጫወቻ የገዛ ሰው በጀርባው ቢጫውን መሰኪያ ፈልጎ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። የድሮ ባለ ጀርባ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ የሚቀይር ኮንቨርተር መግዛት አለበት፤ ኤቪ ብቻ ያለው የቆየ ዴክ ኖሮት ቴሌቪዥኑን ለቀየረ ደግሞ ተቃራኒው፣ ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው ነው የሚያስፈልገው። ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ከመግዛት በፊት በላያቸው የተጻፈውን የመግቢያና የመውጫ ምልክት ማየት ያስፈልጋል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ሴፕቴምበር 2013 ላይ 2.0 ደንብ አቅሙን ወደ 18 ቢሊዮን ቢት አሳድጎ 4ኬን በሰከንድ 60 ጊዜ አስቻለ። በ2016 አልትራ ኤችዲ ብሉ ሬይ መጣ፤ ዲስኩ እስከ 100 ጊጋባይት ይይዛል። ማጫወቻው የሚጠይቀው ቁልፍ ግን ኤችዲሲፒ 2.2 ነበር፤ የወጣው የድሮ ቁልፍ ለዚህ አይሠራም። የመጀመሪያዎቹን 4ኬ ቴሌቪዥኖች ቀድመው የገዙ ሰዎች አንዳንዶቹ ቴሌቪዥናቸው ይህን አዲስ ቁልፍ እንደማያውቅ ደረሱበት። በ1998ቱ ገዢዎች ላይ የደረሰው ነገር በሌላ ትውልድ ላይ ተደገመ። በኖቬምበር 2017 የወጣው 2.1 ደንብ የቀድሞውን የጊዜ ምት ጥንድ አራተኛ የምስል መስመር ማድረግ የሚችል ሆኖ አቅሙ 48 ቢሊዮን ቢት ደረሰ። ለዲስክ ግን ይህ ሁሉ አስፈላጊ አልነበረም፤ ከ4ኬ በላይ የሚሸጥ የፊልም ዲስክ የለም።

ገመዱ ሲያድግ ዲስኩ ግን እየቀነሰ ሄደ። ኦፖ በ2018 አዳዲስ ማጫወቻ መሥራት አቆመ፤ ሳምሰንግ በ2019 ለአሜሪካ ገበያ አዲስ እንደማያወጣ አስታወቀ፤ ኔትፍሊክስ በሴፕቴምበር 2023 ዲስክ በፖስታ መላኩን ዘጋ፤ ኤልጂም በ2024 ከገበያው ወጣ። ሶኒና ፓናሶኒክ ቀጥለዋል። የመሰኪያው መልክና 19ኙ ፒኖቹ ግን ከ2002 ወዲህ አልተለወጡም፤ በ2004 የተገዛ ኤችዲኤምአይ ያለው የዲቪዲ ማጫወቻ ዛሬ ከሚሸጥ አዲስ ቴሌቪዥን ጋር በዚያው ገመድ ይገናኛል፣ ምስሉንም ያሳያል።